ራሱን ሳይሆን አገዳውን

ደሴ ላይ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለከተማው ነዋሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ ሳታርፉ የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ጦሳ ላይ ጭጋግ ወርዶ ብርዱ ያላስቀራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ነገ ፈተና ያለባችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተጠራሁት መልኩን የሚለዋውጥ ቫይረስን በአንድ ክትባት እንዴት መያዝ እንደሚቻል እንድናገር ነው። የምጀምረው ግን ከበሬ ነው። የተማርኩት የእንስሳት ሕክምና ነው፤ ያደግኩትም ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቃሉ ውስጥ የአያቴን ከብት ስጠብቅ ነው።

አያቴ ቦራ የሚሉት በሬ ነበራቸው። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ቦራ ከአፉ አረፋ ይዝረበረብ ጀመር። ምላሱ ተላጠ። የሰኮናው ፍንጭት ቆስሎ አንዱን እግሩን እያነሳ ያራግፋል፣ ያንን አሳርፎ ደግሞ ሌላውን ያነሳል። ማዝ ነው፤ የአፍና የእግር በሽታ የሚባለው። አያቴ አፉን በጨው ውኃ እያጠቡ፣ ለስላሳ ሣር እያጨዱ ይሰጡት ነበር። ሳምንታት ፈጅቶ ዳነ። በዓመቱ፣ ያውም ልክ በእርሻ ወቅት፣ ያው አረፋ ተመለሰ። እኔም አኮረፍኩ። «አባባ፣ አምና ታሞ ድኗል፣ ከእንግዲህ አይነካውም አላሉኝም?» አልኳቸው። አያቴ የበሬውን አንገት እያሻሹ እንዲህ አሉኝ፦ «ደስታ ቢሆን ኖሮ አይነካውም ነበር። ደስታን ታሞ የተረፈ ከብት ሁለተኛ አይታመምም። ማዝ ግን ሄዶ ሄዶ ይመለሳል። አብሽሪ፣ ይድናል።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ቫይረሶች ስማር መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን አይቼ ደንግጫለሁ። አያቴ በሬው አጠገብ ቆመው የነገሩኝ ነበር።

ወጣቶቹ ደስታን አታውቁትም። ስሙን ከደስታ ጋር እንዳታምታቱት፤ ከብት ፈጅ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ምጽዋ ላይ ከወረደ ከብት ጋር ገባና ክፉ ቀን የምንለውን ዘመን አመጣ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንደሞተ ይገመታል። ሰው የሚያርስበት አጣ፤ ወሎም ከክፉኛ ተጎጂዎቹ አንዱ ነበር። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ልጅ ፈንጣጣ ቀጥሎ ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ያጠፋውን ክትባት ነው። ዋልተር ፕሎራይት የሚባሉ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ ላይ፣ ካቤቴ ከተባለው ቦታ የተገኘን አንድ የቫይረሱን ዝርያ በሕዋስ ላይ እያባዙ አዳከሙት። ያ አንድ ዝርያ አፋርም፣ ሱዳንም፣ ፓኪስታንም ላይ ሠራ። ደስታ የቱንም አገር ቢረግጥ መልኩ አንድ ነበር።

ማዝ ደግሞ ሰባት ነው። ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ሳት 1፣ ሳት 2፣ ሳት 3 እና ኤዥያ 1 ይባላሉ። ሲ የተባለው እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የትም አልታየም፤ ሌሎቹ አሉ። በኦ ታሞ የዳነ በሬ ለኤ እንግዳ ነው። አንዱ ዓይነት ራሱ በውስጡ ተከፋፍሎ፣ የአንዱ አካባቢ ኤ ለሌላው አካባቢ ኤ ሙሉ መከላከያ የማይሆንበት ጊዜ አለ። በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም የአማራውም ከብት ጨፋ ላይ አንድ ረግረግ ሲግጥ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ሲገናኝ፣ የማን ከብት የቱን ማዝ ይዞ እንደመጣ በዓይን መለየት አይቻልም። የቦራ ሁለተኛ ሕመም ሌላ ማዝ እንደነበር አልጠራጠርም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ደስታ ለምን አንድ መልክ ብቻ ኖረው? ማዝስ ለምን ሰባት?

ብዙ ሰው ማዝ ቶሎ ስለሚለወጥ፣ ደስታ ደግሞ ስለማይለወጥ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን ሁለቱም የዘር ጽሑፋቸው አርኤንኤ የሆነ ቫይረሶች ናቸው፣ ሁለቱም ራሳቸውን ሲገለብጡ ፊደል ይስታሉ፣ የሚያርም የላቸውም። የደስታን የአክስት ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኩፍኝ ነው። የተወለዱት ከአንድ ግንድ ነው። ኩፍኝም ሲገለበጥ እንደ ሌሎቹ ይሳሳታል። ይሁንና ዛሬ በዓለም ላይ ለልጆች የሚሰጡት አብዛኞቹ የኩፍኝ ክትባቶች እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ የታመመ ተማሪ ከተወሰደ ቫይረስ የወረዱ ናቸው። ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው፤ አሁንም ይሠራሉ። እናንተ እህቶቼ ዘጠኝ ወር የሞላውን ሕፃን፣ ቀጥሎም በአሥራ አምስት ወሩ ስትወጉ፣ ያቺን አሮጌ ናሙና ነው የምታደርሱለት።

ልዩነቱ ከስህተቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ኩፍኝ ሕዋሳችንን የሚይዝበት እጅና የእኛ መከላከያ ኩፍኝን የሚይዝበት ቦታ ተደራርበዋል። ከመከላከያው ለማምለጥ ያንን ቦታ ቢለውጥ እጁ ይሰበራል፤ መያዝ ያቅተዋል፣ ይሞታል። የተሳሳተው ኩፍኝ ይወለዳል፣ ግን አያድግም። ማዝና ኢንፍሉዌንዛ ግን ፊታቸው ላይ ቢቀየርባቸውም የማይጎዳቸው ሰፊ ቦታ አላቸው። ሕይወታቸው የተመሠረተበትን ክፍል ደብቀው፣ ቢለወጥ የማይገዳቸውን ፊት ለፊት አቁመውታል። የሚለዋወጥን ቫይረስ በክትባት ለመያዝ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውነታችን ዓይኑን ከሚለዋወጠው ፊት አንስቶ መለወጥ ከማይችለው ክፍል ላይ እንዲጥል ማስተማር።

ኢንፍሉዌንዛን ልውሰድና ላሳያችሁ። ጥቅምት ላይ ሐረጎን ወርዳችሁ የኮምቦልቻን ሜዳ ስትመለከቱ ማሽላው ራስ አውጥቶ ይታያችኋል። አንዱ ማሳ ቀይ ዘንጋዳ ነው፣ ሌላው ነጭ፣ ወዲያ ደግሞ ጅጉርቴ አለ። ከሩቅ የምትለዩት በራሱ ነው። አገዳው ግን ያው አገዳ ነው፤ ቅጠል ሸፍኖታል፣ ጥቅጥቅ ብሎ ስለቆመም አይታይም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ገላም እንደዚሁ ማሳ ነው። ሄማግሉቲኒን የሚባል ፕሮቲን በመቶዎች ሆኖ ተተክሎበታል፤ እያንዳንዱ ራስና አገዳ አለው። ራሱ የጉሮሯችንን ሕዋስ ይይዛል። አገዳው ደግሞ ቫይረሱ ከተዋጠ በኋላ ተጠምዝዞ፣ ተገልብጦ የቫይረሱን ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ያዋህዳል። ራሱ ቀለሙን ቢቀያይር ይኖራል። አገዳው የሚተጣጠፍ ማሽን ስለሆነ አንድ ብሎኑ ቢላላ አይሠራም፤ ስለዚህ ብዙም አይለወጥም።

ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ያወናጨፈ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ግሪሳ አገዳ ላይ አያርፍም። መጥቶ የሚሰፍረው ራሱ ላይ ነው። የእኛም መከላከያ እንደዚያው ነው። አንቲቦዲ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል፣ የሚሠሩት ሕዋሳት ጎልቶ የሚታየውን፣ በቀላሉ የሚደረስበትን ራስ ይሻማሉ። አገዳውን የሚያውቁም አሉ፤ ግን ጥቂቶች ናቸው፣ በሻሚው ይዋጣሉ። በዓመቱ ቫይረሱ ራሱን ቀይሮ ይመጣል፤ ያ ሁሉ መንጋ የለመደውን ጥሬ ያጣዋል።

ዓለም እስካሁን የተያያዘው ማሳደድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው፣ በፈረንጆቹ የካቲት ለሰሜኑ፣ መስከረም ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ፣ ለሚቀጥለው ወቅት የትኞቹ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያዎች በክትባቱ ይግቡ ብለው ይመርጣሉ። ክትባቱ ተመርቶ እስኪደርስ ወራት ያልፋል፤ በእነዚያ ወራት ቫይረሱ መንገድ ላይ ነው። ኮቪድም ወደዚያው አመራ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ኦሚክሮን ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ላይ ሲታወቅ፣ ሕዋሳችንን በሚይዝበት ሹል ፕሮቲኑ ላይ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት። በማግስቱ ዓመት ሁለት ዝርያ የያዘ ማጠናከሪያ ወጣ፤ ከዚያ እንደገና ተቀየረ፣ እንደገናም። ማሳደድን አልንቀውም። ዛሬ ሰው የሚያድነው እሱ ነው። ግን በየዓመቱ አዲስ ክትባት የመግዛት አቅም የሌለው አገር ሁልጊዜ የአምናውን ይዞ ይቀራል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

አሁን ወደ አያቶቻችን ልመልሳችሁ። ኅዳር 12 ቀን ጠዋት በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲጨስ ጭሱ ከተማውን ሲሞላው፣ ምክንያቱን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ነው። ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ ይለዋል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ነበር፤ ያንን ዘመን በልጅነታቸው ያለፉ፣ ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆነ 32 አሜሪካውያን ደም ተመረመረ። ከዘጠና ዓመት በኋላ ያንን ቫይረስ የሚያውቅ መከላከያ በደማቸው ውስጥ ተገኘ።

ክትባት የሚለው ቃላችን ከተበ ከሚለው ነው የመጣው፤ ጻፈ ማለት ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም ከዚያው ነው። ያን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ይህን ቃል ያወጡልንን ሰዎች አስባቸዋለሁ። ሰውነት ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፤ ዘጠና ዓመት አይደበዝዝም።

በዓመቱ፣ በ2009፣ የአሳማ ጉንፋን የተባለው ሲመጣ ሌላ ነገር ታየ። እንደተለመደው አረጋውያንን ይፈጃል ተብሎ ሲፈራ፣ በበሽታው ከሌሎቹ ያነሰ የተያዙት እነሱ ሆኑ። የኅዳር በሽታው ቫይረስ ዘር ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ ከሰው ጋር ቀርቶ በየዓመቱ ራሱን ሲለውጥ፣ ሌላው አሳማ ውስጥ ገብቶ መልኩን ብዙም ሳይለውጥ ኖረ። ከአሳማ ተመልሶ ሲመጣ አሮጌውን ፊት እንደያዘ ነበር፤ አዛውንቶቹ በልጅነታቸው የተጻፈባቸውን አነበቡት፣ አወቁት።

ይኼው ጽሑፍ ግን አስቸጋሪ ጎንም አለው። ሰውነት መጀመሪያ ያየውን ቫይረስ አጥብቆ ይይዛል። በኋላ የሚመጣውን አዲስ ዝርያ ሲያይ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ አሮጌውን ገጽ ይገልጣል። የመጀመሪያውን የኮቪድ ክትባት ለወሰደ ሰው የኦሚክሮን ክትባት ሲሰጠው፣ በብዛት የሚነሱት ያንኑ የፊተኛውን የሚያውቁት ናቸው። ስለዚህ ክትባት ቀራጩ የሚጽፈው ባዶ ብራና ላይ አይደለም። ብዙ የተጻፈበት ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ቀላሉ መልስ ያሉትን መልኮች ሁሉ አንድ ላይ መክተት ነው። መልኮቹ ጥቂት ከሆኑ ይሠራል። የልጅነት ልምሻ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ሦስቱም በአንድ ጠብታ ገቡ፤ ሁለተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሦስተኛው በ2019 በተፈጥሮ የሚገኘው ዝርያቸው መጥፋቱ ተረጋገጠ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶቻችን የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያም ከአንድ በላይ የቫይረሱን ዓይነት ነው የያዘው። ለማዝም የሚሠራው ይኼው ነው፤ በአካባቢው ያሉትን ዓይነቶች ለይቶ አደባልቆ መስጠት። መልኩ ሲበዛ ግን ስልቻው አይበቃም። ኤችአይቪን ተመልከቱ። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው የኤችአይቪ ልዩነት ብቻ በአንድ ዓመት በዓለም ላይ ከሚታየው የኢንፍሉዌንዛ ልዩነት ጋር ይወዳደራል። ከመላው ዓለም ዝርያዎች የተለቀመ የፕሮቲን ቅንብር ተሠርቶ በደቡባዊ አፍሪካ 2,600 ያህል ወጣት ሴቶች ተሳትፈውበት ነበር፤ ኢምቦኮዶ ይባላል ሙከራው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በቂ ጥበቃ እንዳልሰጠ ተነገረ። ያ ዜና የመጣ ዕለት ሥራ መሥራት አልቻልኩም ነበር። ክንዳቸውን የሰጡት እነዚያ ሴቶች ግን ዓለም ያላወቀውን አሳወቁት፤ መልክ ማብዛት ብቻውን ስፋት አይሆንም።

መልክ ማብዛት የሠራበትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታወቁትን 20 የኢንፍሉዌንዛ ሄማግሉቲኒን ዓይነቶች በሙሉ በኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ሕዋሳችን ፕሮቲኑን ራሱ እንዲሠራ በሚያዝ ጽሑፍ፣ አንድ ክትባት ውስጥ አስገቡ። አይጥና ፌሬት በሚባል ትንሽ እንስሳ ላይ፣ ከክትባቱ ጋር በትክክል የማይገጥም ዝርያ ሲመጣ እንኳን ከባድ ሕመምን ገታ። ይህ ያልታወቀ ወረርሽኝ ቢመጣ ሰውነት እንግዳ እንዳይሆን አስቀድሞ ማስተዋወቅ ነው።

እኔን ይበልጥ የማረኩኝ ሁለት መንገዶች ግን ሌሎች ናቸው፤ ትንሽ ልቆይባቸው።

የመጀመሪያው ከኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ግሪሳው ራሱ ላይ ነው የሚያርፈው ብለናል። ራሱን ባዕድ ብናደርገውስ? አገዳው የተለመደው የኢንፍሉዌንዛ አገዳ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ሰው አይቶት የማያውቀው የወፍ ቫይረስ ራስ ይቀጠልበታል። በሁለተኛው ክትባት አገዳው ያው ሆኖ ራሱ ሌላ የወፍ ራስ ይሆናል። ሰውነት ራሱን ባየ ቁጥር እንግዳ ይሆንበታል፤ ለእንግዳ ደግሞ መልሱ ደካማ ነው። አገዳውን ግን ከልጅነቱ ጉንፋን ጀምሮ ያውቀዋል። በደም ውስጥ ተውጠው የነበሩት ጥቂቶቹ አገዳ አዋቂዎች በተደጋጋሚ ተጠርተው ይበዛሉ። ይህ ሰው ላይ ተሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በታተመው ውጤት አገዳውን የሚያውቀው አንቲቦዲ ከፍ ብሎ ከዓመት በላይ ቆይቷል። ከሕመም ያድናል ወይ ለሚለው ግን ያ ሙከራ መልስ ለመስጠት የተሠራ አልነበረም።

ሁለተኛው ከካሊፎርኒያው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተመራማሪዋ ፓሜላ ቢዮርክማን ላቦራቶሪ ነው። ይህን ለማስረዳት ሠርግ ቤት እንግባ። ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ እያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ጋቢ ለብሷል። ወደ ክቡ የሚገባ ሰው ሁለት እጅ አለው፤ ግራና ቀኙን ካልያዘ ጭፈራው ይጥለዋል። ቀይ ጋቢ ብቻ እይዛለሁ የሚል አንዱን ይይዛል፣ ጎኑ ያለው ግን ቀይ አይደለም፤ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ይወድቃል። እጅ ለእጅ የሚያያዝ ግን ማንም አጠገቡ ቢቆም ይይዛል፤ እጅ የሌለው የለምና። አንቲቦዲ የሚሠራው ሕዋስም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነገሮችን ሲይዝ ነው ጠንክሮ የሚነቃው። ተመራማሪዎቹ 60 ቦታ ያላት ኢምንት ቅንጣት ወስደው፣ ከኮቪድ ቫይረስና ከሰባት የእንስሳት ኮሮና ቫይረሶች የተወሰደውን ሕዋስ መያዣ ክፍል አደባልቀው ተከሉባት። ጎረቤት ከጎረቤት አይመሳሰልም። ስለዚህ የአንዱን ልዩ መልክ ብቻ የሚያውቅ ሕዋስ ሁለት እጁን የሚያሳርፍበት ያጣል፣ የጋራውን ክፍል የሚያውቀው ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ውጤት፣ ቅንጣቷ ላይ ከነጭራሹ ያልነበረው የ2003ቱ የሳርስ ቫይረስ ሲሰጣቸው የተከተቡት እንስሳት ተጠብቀዋል። ያልተጻፈውን አነበቡ።

ለኤችአይቪ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ተይዟል። ልጅ በመጀመሪያው ቀን ዳዊት አይደግምም፤ አሊፍ ያልቆጠረም ቁርአን አያኸትምም። ሰፊ ዕውቀት ያለው አንቲቦዲ በአንድ መርፌ አይገኝም፤ መጀመሪያ ተስማሚውን ጥሬ ሕዋስ መቀስቀስ፣ ቀጥሎ በሌላ ክትባት ትንሽ ማሳደግ፣ ከዚያ እንደገና። የመጀመሪያው ደረጃ በ36 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ35ቱ የተፈለጉት ሕዋሳት ተነሥተዋል። ገና ሀሁ ላይ ነን፤ ግን ተማሪው ፊደሉን ያዘ።

የምጠነቀቅበትንም ልንገራችሁ። አገዳን የሚይዝ አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ ራስን ከሚይዘው የደከመ ነው፤ ቫይረሱ እንዳይገባ ከመከልከል ይልቅ የተያዘውን ሕዋስ በማስጠፋት ነው በብዛት የሚረዳው። ሁሉም ሰው አገዳውን ማጥቃት ሲጀምር አገዳውም ትንሽ በትንሽ ማምለጫ እንደማይፈልግ እርግጠኛ ሆኖ የሚምል የለም። ከአንቲቦዲ ሌላ ደግሞ ቲ ሴል የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት አሉ፤ እነሱ የሚያነቡት በተያዘው ሕዋስ ውስጥ የተቆራረጠውን የቫይረስ ስብርባሪ ስለሆነ የውጭ መልክ ለውጥ ብዙም አያታልላቸውም። ኦሚክሮን ሲመጣ የተከተበ ሰው ቢያዝም በአብዛኛው ለከባድ ሕመም ያልተጋለጠው በእነሱም ጭምር ነው። ስፋት ያለው ክትባት ሁለቱንም ማስተማር አለበት እላለሁ።

ስፋት ስንል ደግሞ የዝርያ ስፋት ብቻ አይደለም። ደስታን ከአፋር ያወጣው ክትባቱ ሁሉንም መልክ ማወቁ ብቻ አልነበረም። ሙቀት እንዲችል ተደርጎ ተሻሽሎ፣ ያለ ማቀዝቀዣ እስከ አንድ ወር የሚቆይ ሆነና፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ይዘውት ከከብቱ ጋር በእግራቸው ተጓዙ። እዚህ ያላችሁ እህቶቼ የክትባት ሳጥን በትከሻችሁ አንግታችሁ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ደላንታ ገደል ለመውጣት ስትሮጡ አውቃለሁ። ዓለምን ሁሉ የሚያካልል ክትባት ተሠርቶ ሰባ ዲግሪ ከዜሮ በታች ካልሆነ ይበላሻል ቢባል፣ ለእናንተ ሰፊ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ይጠበቃል፤ ናሙና። የክትባት ቀራጮች የሚያውቁት ያዩትን መልክ ነው። ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ከአንድ ላም ምላስ የተቆረጠች ቅራፊ ሲደርሰው፣ ጨፋ ላይ የትኛው ማዝ እንዳለ ይታወቃል። የሰውም እንደዚሁ ነው። ከደሴ የተነሣች የአፍንጫ ናሙና ሐረጎን ወርዳ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ገብታ ፊደሏ ሲነበብ፣ ክትባት የሚመርጠው ጉባኤ ፊት የእኛም ጉንፋን ይቀርባል። ናሙና ያልሄደለት አካባቢ ቫይረስ የለበትም ማለት አይደለም፤ አልታየም ማለት ነው።

ንግግሬ ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ተነሣ፤ ሦስቱንም እጽፋቸዋለሁ።

ከፊት ወንበር የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ይሄ ያልሽው እስኪደርስ ያለውን ትተን እንጠብቅ ወይ?» አሉኝ። የለም እማማ፣ አልኳቸው፤ ያለው ክትባት ሁሉንም መልክ ባያውቅም ያወቀውን ይገታል፣ ለማያውቀውም ብዙ ጊዜ ከባድ ሕመምን ያቀልላል። የልጅ ልጅዎን ለኩፍኝ ለማስከተብ ደግሞ የሚጠብቁት ምንም የለም፤ ያ ክትባት ድሮውኑ ሁሉንም ያውቃል።

አንድ ተማሪ ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ቀድሞ ይደርሳል ብሎ ጠየቀኝ። የተለያየ መልክ የተተከለባት ቅንጣት ላይ ተስፋዬ ይበልጣል፤ ቅንጣትን የመሥራት ጥበቡ ቀድሞ የታወቀ ነው፣ ሰው ላይ የሚደረገው ሙከራም ተጀምሯል። ቀን ግን አልቆርጥለትም።

ከኋላ ቆመው ሲሰሙ የነበሩ አንድ አባት በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ። «ቦራ ታዲያ ምን ሆነ?» አሉ። ዳነ፣ አልኳቸው፤ ግን እግሩ እስኪጠና የእርሻው ወቅት አለፈ። አያቴ የጎረቤት ጥማድ ተውሰው ዘግይተው ዘሩ። ጥቅምት ላይ የሰው ማሽላ ራስ አውጥቶ ግሪሳ ሲሻማበት፣ የእኛ ማሳ ገና አገዳ ብቻ ነበር።